መስተፋቅሩ የተገኘበት ሰው

በሲኪሆር ደሴት ከእኔ ከቴዎፒስቶ የሚበልጥ መድኃኒተኛ አልተወለደም፤ ቢወለድም እኔን ሲያይ ተመልሶ ይገባል። ጥቁር ድንጋይ የተከተተበትን የውሃ ብርጭቆ በበሽተኛው ገላ ላይ እያዞርኩ በቀርከሃ ቧንቧ እነፋበታለሁ። መተት ካለ ውሃው ይደፈርሳል፤ ደፍቼ እንደገና እሞላለሁ፣ እስኪጠራ። ሌሎችም ይነፋሉ። እኔ ስነፋ ግን ወደብ ላይ ጀልባ ይወዛወዛል።

ከእኔ ቀጥሎ ሲልቬርዮ አለ፤ ጢሙ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሥር ቀማሚ። በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ አብረን አርጅተናል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ያወቀ አውቋል፣ አላውቅም የሚለውም ያውቃል።

በቅዳም ሹር ጠዋት፣ መድኃኒተኞች ሁሉ አንድ ድስት ከበን ቅጠል ስናፈላ፣ የሲልቬርዮ ታላቅ እህት፣ ሁላችንም ናንግ፣ ማለትም እትዬ፣ የምንላት ፐርፔትዋ ከጀልባ ወርዳ መጣች።

«ወንድሜን በመስተፋቅር ነው የያዝከው!» አለችኝ በሰው ፊት።

«እኔ? ናንግ፣ ይህን ፊት እዪውማ! ይህ ፊት መስተፋቅር ያስፈልገዋል?»

«የደረቀ ዓሣ!» አለች፤ አፍላዮቹ በሳቅ ፈነዱ። «ንፋበትና እንይ። ከደፈረሰ ይዤው እሄዳለሁ።»

ሲልቬርዮን አስቀምጬ ነፋሁ። ውሃው እንደ ምንጭ ኩልል አለ።

«መስተፋቅር የቀመመ እጅ ላይ ይቀራል» አለች፣ ሳትረታ። «አሁን አንተ ተቀመጥ። ቤርዮ ይንፋብህ።»

እየሳቅሁ ተቀመጥኩ። ሲልቬርዮ ብርጭቆውን በእጆቼ ላይ አዞረው፤ ምንም የለም። ደረቴ ላይ ሲደርስ ግን ውሃው ጭቃ ሆነ።

«ይኸው!» ብላ ጮኸች።

«እሱ አይደለም፣ ናንግ» አለ ሲልቬርዮ፣ ቧንቧውን ከአፉ አውርዶ። «መስተፋቅር ደረቱ ላይ የሚገኝበት የቀመሰው ሰው ነው። እኔ ነኝ ያቀመስኩት። ያኔ በወጣትነታችን ከሁሉም ጋር ይስቃል፣ እኔን አያየኝም። የዘንባባ ጠጁ ውስጥ ጨመርኩበት።»

እኔ፣ ሰይጣን እንኳ መንገድ የሚለቅልኝ ሰው፣ እንደ ጫጩት በቅመም ተይዣለሁ!

«አጥራው» አልኩት።

«ፒስቶ... ከጠራ በኋላ ባትፈልገኝስ?»

«ሳይጠራ ብፈልግህ ደግሞ ፈላጊው እኔ ነኝ ወይስ ጠጁ? ንፋ አልኩህ።»

ነፋ። ደፋ፣ ሞላ፣ ነፋ። ለራሱ መቃብር እንደሚቆፍር ሰው፣ አንድም ትንፋሽ ሳይሰስት ነፋ። ውሃው ጠራ።

ሌባ የገባበትን ቤት እንደሚፈትሽ ሰው ደረቴን ፈተሽኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ንዴት ነው፤ ዳመና የሚሰነጥቅ ንዴት። ከንዴቱ ሥር ምን እንደቀረ ለማየት ፈራሁ። በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ፈራሁ። ቀና ስል ሲልቬርዮ ትንፋሹ አልቆ ያለከልካል፣ አገጩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። እጄ ሄዶ ጠረገው። ማንም አላዘዘውም።

«ጀልባው ሊነሳ ነው፣ ቤርዮ» አለች ናንግ ፐርፔትዋ፣ አሁን ቀስ ብላ።

«ብቻሽን ሂጂ፣ ናንግ» አልኳት። «ከዚህ ሰው ጋር ገና ዕድሜ ልክ የምጣላው አለኝ።»