የመሃል ኳስ

"ምታው! ኧረ ምታው!"

ልብስ ሰፊዋ ከአራተኛው ረድፍ ይህን ስትጮህ ኳሱ በወንድሟና በልጇ መሃል ሰተት ብሎ አልፏል። የሁለቱም ራኬት ይደርስ ነበር፤ ሁለቱም አልነኩትም። ወንድሟ ዞሮ ልጇን አየው፤ ልጇ አንገቱን ደፋ። በዚያች ኳስ ነጥብ ቢያገኙ ኖሮ የወንዶች ጥንድ ቴኒስ ዋንጫ የነሱ ነበር። አሁን ግን ነጥቡ እኩል ሆነና ሁሉም ነገር በአንድ ወሳኝ ኳስ ላይ ቀረ፤ እሱን ካገኙ ዋንጫው የነሱ ነው።

ዳኛው ከረጅም ወንበሩ ላይ ሆኖ ተመልካቹን ጸጥታ ጠየቀ። ፀጉሩ የሸሸ አስተናባሪም በረድፎቹ መሃል ጎንበስ ብሎ መጣ።

"እትዬ፣ ኳስ እየተመታ አይጮህም" አላት በሹክሹክታ። "ሲነገርዎት ሁለተኛ ጊዜዎ ነው። ከደገሙት ላስወጣዎት ነው።"

"ወንድሜና ልጄ እኮ ናቸው!"

"አውቃለሁ። ከገቡ ጀምሮ ለረድፉ ሰው ሁሉ ነግረዋል።"

"እሺ በቃ፣ አፌን ሰፍቼዋለሁ።"

የሰውየው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ተንጠልጥሏል። በሌላ ቀን ቢሆን እዚያው አስወልቃ በልኩ ታጠብለት ነበር።

ከተጋጣሚዎቹ የአንዱ ራኬት ክር ተበጥሶ ሊቀይር ወደ መቀመጫው ሄደ። እሱ እስኪመለስ አጎትና የእህት ልጅ ልክ ከፊት ለፊቷ፣ ከኋላው መስመር ላይ ተጠጋግተው ቆሙ።

ወንድሟ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ሌሎቹ ተጫዋቾች "አያቴ" ይሉታል፤ እሱም "አቤት ልጆቼ" ይላቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ጥንድ ሲጫወት ኖሮ ለፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። የድሮው አጣማሪው ትከሻው ሲጎዳ የእህቱን ልጅ አጠገቡ አቆመ፤ መሳቂያ እንሆናለን ብለው የገቡበት ውድድር እዚህ አደረሳቸው። ትናንት ደውሎላት "እህቴ፣ ባሸንፍም ብሸነፍም ነገ የመጨረሻዬ ነው። ጉልበቴ ከኔ ጋር ተኳርፏል። ግን አንዲት ዋንጫ ይዤ ቤቴ ብገባ…" ብሎ ሳይጨርስ ስልኩን ዘጋው። ለዚህ ነው ዛሬ የሙሽራ ሱሪ ከነመርፌው ማሽኑ ላይ ጥላ፣ ሱቋን ሳትከፍት የመጣችው። የሚቀጥለው ኳስ ካመለጣቸው ጨዋታው ይረዝማል። ያ ጉልበት ደግሞ ከዚህ በላይ አይሸከመውም።

"በመሃል የሚመጣውን አንተ ምታ ብዬህ አልነበር?" ሲል ሰማችው። እያለከለከ ነበር።

"ብለውኛል ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"እርስዎ ሊመቱት መስሎኝ ነዋ። እንዴት ብዬ እቀድምዎታለሁ?"

"አንተ ልጅ፣ እዚህ ተጋብዘን አይደለም የመጣነው! ቅደመኝ! ካስፈለገ ርገጠኝና እለፍ!"

"እሺ ጋሼ" አለ ልጁ። እሺ ሲል ግን ራኬቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጎንበስ ማለት አሳምራ ታውቀዋለች። የራሷ ስፌት ነው። ትልቅ ሰው ሳይቀመጥ አትቀመጥ፣ ሳይጀምር አትጀምር፣ ሳይገባ አትግባ እያለች ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬም ወደ ሜዳው ሲገቡ ልጁ በሩን ይዞ አጎቱን ሲያስቀድም አይታ፣ ደስታዋን ባትችለው አጠገቧ ያለችውን ሴትዮ በክርኗ ጎሸም አድርጋ "እዪልኝ የኔን ልጅ!" ብላ ነበር። አሁን ያ ጨዋነት ወንድሟን ዋንጫ ሊያሳጣው ነው። የልጇ እሺታ አላሳመናትም። ኳሱ በመሃል ከመጣ አሁንም ለአጎቱ ቆሞ እንደሚያሳልፈው ታውቃለች።

ተጋጣሚው አዲስ ራኬት ይዞ ተመለሰ። ወንድሟ ሊቀበል በጉልበቱ ሸብረክ አለ። የተጋጣሚዎቹ መቺ ኳሱን መሬት ላይ ያነጥር ጀመር፤ ከዚያ ድምፅ በቀር ሜዳው ጭር አለ። አስተናባሪው ከደረጃው ሥር ሆኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አያት።

ከጮኸች ትወጣለች፤ የወንድሟን የመጨረሻ ኳስ አታይም። ዝም ካለች ደግሞ ኳሱ ሲያልፍ ቁጭ ብላ ታያለች። ቦርሳዋን አንጠለጠለችና ብድግ አለች።

"ልጄ! በመሃል የመጣው ያንተ ነው! አጎትህን ቅደመው፣ እኔ ፈቅጄልሃለሁ!"

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። መቺው ራሱ ኳሱን በእጁ ይዞ ሳቀ። ዳኛው ግን ፊቱን አጨፈገገ። ልጁ በኀፍረት መግቢያ ጠፍቶት ቀና ብሎ አያት፤ አጎቱ ደግሞ በራኬቱ ጀርባውን መታ አድርጎ "ሰማህ አይደል?" አለው።

ልብስ ሰፊዋ አስተናባሪውን አልጠበቀችውም። በራሷ እግር ወደ መውጫው ሄደች፤ እሱ ነው ሮጦ የደረሰባት።

"እትዬ፣ እንግዲህ አይቀየሙኝ…"

"ምን በወጣህ። አንተም ሥራህን ሠራህ፣ እኔም የኔን።"

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ኮሪደሩ ውስጥ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ለመግባት ይጠባበቃሉ፤ ኳስ እየተመታ በሩ አይከፈትም።

"ማን እየመራ ነው?" አሏት።

"ቆይ አባቴ፣ ልስማ።"

ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ጧ። ይሄ የመቺው ነው። ጧ። ይሄ የወንድሟ፣ አትስተውም። ጧ። ጧ። ጧ። ከዚያ በኳሶቹ መሃል አንድ ድምፅ ተሰማ፦

"የኔ!"

የልጇ ድምፅ ነው። ተወልዶ እዚህ እስኪደርስ ከትልቅ ሰው ፊት ይቺን ቃል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ጧ! ከዚያ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ ሰዉ ጮኸ፤ ዳኛውም በድምፅ ማጉያ አሸናፊዎቹን ጠራ።

"አሸነፉ! እትዬ፣ አሸነፉ እኮ!" አስተናባሪው ሥራውን ረስቶ አቀፋት። እሷም ደስታው አፈናትና ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች።

"ይሄን ሸሚዝ ነገ ሱቅ ይዘህልኝ ና" አለችው እንባዋን እየጠረገች። "ትከሻውን በልክህ አጠብልሃለሁ።"

አስተናባሪው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሽማግሌው ከዘራቸውን አስቀድመው ሊገቡ አንድ እግራቸውን አነሱ። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ዕድሜዋ ከሽማግሌ ፊት በር ገብታ አታውቅም።

"ይቅርታ አባቴ" አለቻቸውና ክንዳቸውን ቀስ ብላ ይዛ ወደ ጎን አደረገቻቸው። "ዛሬ እኔ እቀድማለሁ።"