ለቀብር የዘገየችው መርከብ

ሱሩር አዲስ አበባ አጎቱ ቤት በቴሌቪዥን ያየውን የጠፈር መርከብ ተከታታይ ፊልም ለደብረ ማርቆስ ጓደኞቹ ክፍል በክፍል ይተርክላቸው ነበር። ዛሬ ከአባቱ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው «ደካማው ክፍል የቱ ነው?» እያሉ ይሟገታሉ።

«ካፒቴኑ ለእናቱ ቀብር ሳይደርስ የቀረበት ነዋ!» አለ የሽዋስ። «ከኮከብ ኮከብ የምትበር መርከብ እንዴት ለቀብር ትዘገያለች? በበቅሎ ቢመጣ አይሻለውም ነበር?»

ንጉሴ እስኪያስለው ሳቀ። ሱሩር ግን አልሳቀም።

«አባይ በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶባት ይሆናላ» አለ ቀስ ብሎ።

የሽዋስ ክው አለ። አምና የሱሩር እናት እንደ ሙስሊሙ ወግ በሞቱበት ቀን ሲቀበሩ፣ ልጃቸው የተሳፈረበት አውቶብስ አባይ በረሃ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። ለካ ያን ክፍል ያመጣው ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ሱሩር ራሱ ነው።

«ሱሩሬ፣ እስቲ እንደገና ንገረን። በደንብ አልሰማሁትም» አለ የሽዋስ፣ ቀና ብሎ ሊያየው አፍሮ።

«ተወው፣ እውነትህን ነው» አለ ሱሩር። «ደካማ ነው።»