የሽው ዋጋ

«ሽው ዛሬ አይሰለፍም» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ሄደሽ ለአሰልጣኙ ለወንድምሽ ንገሪው።»

የጣውላ መሰንጠቂያው ጩኸት ግማሹን ቃል ስለዋጠው፣ ገንዘብ ያዥዋ ሰምታ እንዳልሰማች ለመሆን ሞከረች። ሰውየው ግን በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ማሽኑን አስጠፉና ደገሙላት። የክለቡ ፕሬዚዳንት ይሁኑ እንጂ እንጀራቸው የእንጨት ንግድ ነው፤ ክለቡንም እንደ ጣውላ ለክተውና ቆርጠው፣ ዋጋ ጠርተው ነው የሚያስተዳድሩት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ካሸነፍን ወደ ዋናው ሊግ እናድጋለን» አለች። «የዓመቱን ጎል ግማሹን ያገባው ሽው ነው። እሱን አስቀምጠን በምን እናሸንፋለን?»

«እናሸንፍ ያለሽ ማን ነው?»

ለተጫዋቾቹ የያዘችውን የዳቦ ከረጢት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ነው የምፈራው» አሉ ፕሬዚዳንቱ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ደግሞስ ካደግን በዓመቱ እንፈርሳለን ያልሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ?»

እሷ ናት። ኮሚቴው ፊት ቆማ ተናግራዋለች፤ አሁንም ታምንበታለች። ማደግ ማለት የባንክ ዋስትና ማስያዝ ነው። የሜዳ መብራት መትከል ነው፤ እስኪተከል ድረስ ደግሞ ሰው ከተማ ሄዶ ሜዳ ተከራይቶ መጫወት ነው። ዘንድሮ ባለችው ደሞዝ እሺ ብሎ የሚጫወት ልጅ ሁሉ፣ ከርሞ እጥፍ ካልተደረገለት አይፈርምም። የጎረቤት ከተማው ቡድን እንዲሁ በጭፈራ አድጎ በዓመቱ ወረደና አውቶቡሱ በጨረታ ተሸጠ፤ ሜዳው ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። እሷ ዳቦ ቤት ያላት ሴት ናትና ይህ አይጠፋትም። ምድጃው ከዱቄቱ በላይ ከሰፋ ማገዶ ይፈጃል እንጂ ዳቦ አይጨምርም።

«ለደጋፊውስ ምን ልንል ነው?»

«ልቡ ሄዷል እንላለና! ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ ሲሸጠው ሰንብቶ የለም?» ብለው ሳቁና ማሽኑን እንዲያስነሱት ለሠራተኞቹ ጮኹ።

ሬዲዮው እውነትም ሲሸጠው ነበር የሰነበተው። ሽው ለትልቁ ክለብ ሊፈርም ነው፣ የተጠራለት ዋጋ ጆሮ ጭው ያደርጋል፣ ነገሩ አልቆ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው ይባላል። ይህን ወሬ የፈጠሩት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ገበያውን ለማሟሟቅ። ጋዜጠኛው ሊያጣራ ሲደውልላት «አስተያየት የለኝም በይው» አሏት፤ እሷም እንዳሏት አደረገች። ውሸት አልተናገርኩም ብላ ራሷን አጽናናች። እስከ ዛሬ ግን ልግዛው ብሎ የደወለ አንድ ሰው የለም።

ሜዳው በር ላይ ደጋፊው ከረፋዱ ጀምሮ ተሰልፏል። ዘበኛው ከረጢቷን አይቶ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እትዬ፣ ለሽው ዳቦ እንዳትሰጪው! እሱ ኬክ ለምዷል አሉ!»

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ ግን አልሳቀም፤ «ሆዳም!» ብሎ ተፋ። እሷም እንደመሳቅ አለችና አንገቷን ደፍታ ገባች። ከጣውላ ቤቱ ጀምሮ ለወንድሟ የምትናገረውን በልቧ እየደጋገመች ነው። አሰልጣኙ ታናሽ ወንድሟ ነው። ቁጥር ያስተማረችው በጠርሙስ ቆርኪ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ እንዲህ ይላል ካለችው ተከራክሯት አያውቅም። ዛሬም አይከራከራትም። ፕሬዚዳንቱ ሌላ ሰው ያላኩት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ ወጥተው፣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ሽው ብቻ ነበር። ስሙ የወጣለት ተከላካዮች አጠገብ ሽው ብሎ ስለሚያልፍ ነው፤ አሁን ግን የታኬታውን ክር ይዞ ፈዞ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ልጆቹ ሳይመለሱ ላናግርሽ ብዬ ነው የቀረሁት» አለ። ሁሉም ከወንድሟ ተቀብለው እትዬ ነው የሚሏት።

«ምነው፣ አሞሃል?»

«አይ፣ ደህና ነኝ። ለእናቴ ቤት ገዛሁላት። ማለቴ ቀብዱን ከፈልኩ።»

ከረጢቱን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። «በምን ገንዘብ?»

«ያጠራቀምኳት ነበረች፤ የጎደለውን ከልጆቹ ተበደርኩ። ቀሪውን በወሩ ካልከፈልኩ ግን ቀብዱን ይበሉታል። የኔ ዝውውር እስከዚያ ያልቃል አይደል?»

«ላም አለኝ በሰማይ አሉ! የሬዲዮ ወሬ ሰምቶ ቤት የሚገዛ ሰው አለ?» ቁጣዋ ከድንጋጤ የመጣ ነበር።

«ሬዲዮውንማ መች አመንኩት» አለ ሽው፣ ቅር ብሎት። «ያመንኩት አንቺን ነው። ሲጠይቁሽ አስተያየት የለኝም አልሻቸው። ውሸት ቢሆን ኖሮ እትዬ አፍ አውጥታ ውሸት ነው ትል ነበር አልኩ። እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው። 'እሷ በገንዘብ ነገር አትቀልድም' አለችኝ።»

አፈረች። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ እፍረት የሚደርስባት አልመሰላትም ነበር፤ ፊቷ ጋለና ከረጢቱ አጠገብ ተቀመጠች። ግጥሚያው እስኪያልቅ ዝም ብትለው ይሻል እንደሆነ አሰበች። አሁን ብትነግረው እግሩ ይተሳሰርበት ይሆናል። ግን ዝም ማለቷ አይደል እዚህ ያደረሰው?

«ስማኝ ልጄ» አለች። «ልግዛህ ብሎ የጠየቀ ማንም የለም። ወሬው ከኛው ቤት ነው የወጣው፣ ዋጋህን ለማስወደድ። እኔም አውቅ ነበር።»

ሽው ክሩን ጠበቅ አድርጎ አሰረ። ያሰረውን ክር ፈታና እንደገና አሰረው።

«እናቴ ዕቃ ማሰር ጀምራለች» አለ።

በሩ ተበርግዶ ወንድሟ ገባ። ይህን ቀን ለማየት ሲል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጨጓራውንና ፀጉሩን ከፍሏል፤ አሁን ደግሞ እስክሪብቶና ያልተሞላ የአሰላለፍ ወረቀት ይዟል።

«እትዬ፣ የት ነበርሽ? ዳኛው አሰላለፉን አምጡ እያለ ነው። ፕሬዚዳንቱ ደውለው 'እህትህ መልእክት ይዛለች፣ ሳትሰማት ስም እንዳታስገባ' አሉኝ። ምን አሉ?»

ሽው ቀና አላለም። እሷ ግን አየችው፤ ዛሬ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ከተማው ተሸጦ ከዳን ይለዋል፣ የሚገዛውም አይመጣም፣ የእናቱም ዕቃ እንደታሰረ ይቀራል። ከተሰለፈና ካሸነፉ ደግሞ ያ ሁሉ የቆጠረችው ይመጣል፤ ዋስትናው፣ መብራቱ፣ ጨረታው። ሒሳቧ ልክ ነው። ከክፍሉ ስትወጣም ልክ እንደሆነ ይቆያል። ፈራች፣ በጣም ፈራች።

«በርቱ ብለዋል» አለች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ወንድሟ አየት አደረጋት። እህቱ ስትዋሽ አይቶ ስለማያውቅ የውሸቷን መልክ አላወቀውም። «አንተስ፣ ምን ሆነሃል?» አለው ሽውን። «ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አለ ሽው፤ ተነስቶም እሷን ሳያያት አልፎ ወጣ።

ስሙ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ የሜዳው ግማሽ አጨበጨበ፣ ግማሹ «ሆዳም! ሆዳም!» እያለ ጮኸ። እሷ መስመሩ ዳር፣ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ኋላ ቆማለች። ስልኳ ጠራ።

«ልጁ ሜዳ ውስጥ ምን ይሠራል?» ፕሬዚዳንቱ ከክብር ወንበራቸው ተነስተው ይታዩአታል። «አልነገርሽውም?»

«አልነገርኩትም ጋሼ።»

«አብደሻል? ሒሳቡን የሠራሽው ራስሽ!»

«እኔው ነኝ። ሰኞ እንደገና እሠራዋለሁ።»

«ሰኞም ገንዘብ ያዥ የምትሆኚ መስሎሻል?»

ይህንን አስባበታለች፤ እንደማትሆን ታውቃለች። «ሰኞም ዳቦ ጋጋሪ ነኝ» አለችና ዘጋችው።

የሬዲዮው ጋዜጠኛ የጆሮ ማዳመጫውን እንዳደረገ በመስመሩ ዳር እየተጣደፈ መጣ። ርካሹ መቀመጫ፣ ካታንጋው ላይ የተቀመጠው ደጋፊ ግማሹ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እሱን ነው የሚያዳምጠው፤ እዚህ የተባለ ነገር ኳሱ ሳይነካ እዚያ ይደርሳል።

«እትዬ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነን። የሽው ዝውውር ከምን ደረሰ? ወይስ ዛሬም አስተያየት የለዎትም?»

ሽው መሃል ሜዳ ላይ ኳሱን በእግሩ ረግጦ ፊሽካውን ይጠብቃል። ጩኸቱ እንዳልነካው ለመምሰል ይሞክራል፤ አንገቱ ግን ትከሻው ውስጥ ገብቷል። ስልኳ እንደገና ጠራ። አላየችውም። ዳቦውን ለልጆቹ አድላ ባዶ የቀረው ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

«ዛሬ አለኝ» አለች ለጋዜጠኛው። «ማይኩን ጠጋ አድርገው።»