ያልደረቀው ካፖርት

ልጅቷ የለቀስተኛውን ብርጭቆ ሰብስባ፣ የተረፈውን ውሃ ልትደፋ ማጠቢያው ጋ ስትደርስ አክስቷ ተከትላት ገባች።

«ሰው የሚለውን ሰምተሻል?»

«ምን ይላል?»

«ሃያ ዓመት ያንን አቀበት የወጣ ሹፌር በሸሚዝ ብቻ ብርድ ውስጥ አይገባም ይላል። አስቦበት ነው ይላል።»

 ልጅቷም ሦስቱን ቀን ሌላ ነገር አላሰበችም። አባቷ ከበረሃ ጨው ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተራራው ጫፍ ላይ ቆመበት። በማግስቱ መሪው ላይ እንደተደፋ፣ በብርድ ደርቆ ተገኘ። ካፖርቱ አብሮት አልነበረም።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አባቷ ከመንገድ ሲገባ ከሰላምታ በፊት የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ነበር የሚያጠብቀው።

«እዚህ ስትኖሪ ውሃ ዝም ብሎ የሚመጣ ይመስልሻል» ይላት ነበር። «እኔ ደግሞ እዚያ ስከርም ብርድ የሚባለው ነገር ውሸት ይመስለኛል። ልክ የማስበው መንገዱ መሃል ላይ ስሆን ብቻ ነው።»

ከወር በፊት የእጮኛዋ ወላጆች ሊተዋወቁ መጡ። አባቷ እነሱ ያስተረፉትን ውሃ ከየብርጭቆው አንድ ላይ ገለበጠና ፊታቸው ጠጣው። ሴትየዋ ሳቋን በመሀረብ አፈነች። እንግዶቹ እንደወጡ ልጅቷ ጮኸችበት።

«እዚያው በረሃህ ኑር! አትምጣብኝ!»

ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ወጣ። የሳምንቱ መንገድ አንድ ወር ፈጀ።

በዚሁ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የማትታወቅ ሴት ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። አክስትየው ልጅቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ይኸው፣ ቅምጡ መጣች!»

ሴትየዋ ሰምታለች፤ እንዳልሰማች ሆና ተቀመጠች። ውሃ ቀረበላት።

«መንገዱ አጋማሽ ላይ ሻይ ቤት አለኝ» አለች። «ሹፌሮቹ ወደ ሙቀቱ ሲወርዱ ካፖርታቸውን እኔ ጋ ሚስማር ላይ ሰቅለው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ይወስዳሉ።» ከፌስታሉ ካፖርቱን አወጣች። «የሱ ወር ሙሉ ቆይቶ አቧራ ሲለብስ አሳዘነኝና አጠብኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ! እሱ ሲመጣ ካፖርቱ ገና ገመድ ላይ ይንጠባጠባል። እስኪደርቅ እደር አልኩት። ‹ልጄ ተቀይማኛለች። በምን ፊቴ እንደምገባ ሳስብ ነው የከረምኩት፤ ዛሬ ቆርጫለሁ፤ ካደርኩ ወኔዬ ይከዳኛል› አለኝ። ብርዱስ ስለው ‹የምን ብርድ!› ብሎ ሳቀብኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር።»

ካፖርቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ደጋግማ አጠፈችው፤ ዘረጋችው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

አክስትየው አንገቷን ደፋች።  ልጅቷ ዝም ብትል፣ ነገሩ በዚያው ሴትየዋ ላይ ተላክኮ ይቀር ነበር።

«አይደሉም እትዬ» አለች። «አትምጣብኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት።  ከውሃው ግማሹን ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ካፖርቱን ለልጅቷ አቀበለቻት። ደርቋል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

አክስትየው የተረፈውን ልትደፋ እጇን ወደ ብርጭቆው ዘረጋች። ልጅቷ ቀደመቻት። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ፣ ካፖርቱን እንዳቀፈች፣ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።