ኤካርት ክራይንፖል ዘመድ ሲፈልግ

ኤካርት ክራይንፖል ከወላጆቹ የወረሰው ስሙን ብቻ ነው። አባቱ ጦር ሜዳ ቀረ። እናቱን ላይፕዚግ ላይ የወረደው ቦምብ ከነቤቷ ወሰዳት። ልጁ በሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። እዚያ ሽሚትና ሙለር የሚባል ልጅ እንደ አሸዋ ነው፤ ሽሚት ተብሎ ሲጠራ ግማሹ ክፍል ይዞራል። ክራይንፖል ሲባል የሚዞረው እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ምናልባት ይኮራበት ነበር። ኤካርት ግን ስመ ብርቅ ሰው ማለት ሰው የሌለው ሰው ነው ብሎ አመነ፤ ደግሞም አልተሳሳተም።

አድጎ የከተማ ባቡር ነጂ ሆነ። አላገባም። ለምን ሲባል "እንዲያው አልሆነልኝም" ብሎ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ ያዞረዋል። የበርሊን ግንብ ፈርሶ ሁለቱ ጀርመኖች ሲገጥሙ ጡረታው ደርሶ ነበር። አገር ምድሩ ሙዝና መኪና ሊገዛ ወደ ምዕራብ ሲጎርፍ፣ የኛ ሰውዬ ፖስታ ቤት ገብቶ የየከተማውን የስልክ ማውጫ ማገላበጥ ያዘ። ሙኒክ የለም። ፍራንክፈርት የለም። ሃምቡርግ ላይ አንዲት ሴት አገኘና ደወለላት። "የባሌ ስም ነው። እሱን ፈትቼዋለሁ፤ ስሙን ግን ለምጄው ነው" ብላ ዘጋችበት። ማውጫው ወደ ሆላንድ ጠረፍ እየተጠጋ ሲሄድ ግን ስሙ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ፤ ሁሉም ሚንስተር አካባቢ፣ አልስቤክ በምትባል መንደር ዙሪያ ተኮልኩለዋል። መንደሯ ውስጥ ደግሞ ክራይንፖል ተብሎ የሚጠራ አንድ የገበሬ ቤት እንዳለ ሰማ።

"እኛ የመጣነው ከዚያ ነው ማለት ነው" አለ ለብቻው። እኛ የምትለዋን ቃል አፉ አልለመዳትም ነበር። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ፤ በኅዳር ብርድ አመዱን ፍለጋ ተነሣ።

በሩን የከፈተችለት አደልሃይት የምትባል አሮጊት ናት። ባሏ ቤርንድ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም።

"ወይዘሮ ክራይንፖል?" አላት ባርኔጣውን አውልቆ።

"ነኝ። የሚሸጡት ነገር ካለ አልገዛም።"

"የምሸጠው የለኝም። እኔም ክራይንፖል ነኝ።"

ከጫማው እስከ ራሱ አየችው። "ከየት?"

"ከላይፕዚግ።"

"ደግሞ እዚያ ድረስ ማን ወሰደው?" አለች፣ የጠፋ ባልዲዋ ሰው ቤት የተገኘ ይመስል። "ይግቡ፤ ብርዱ እየገባ ነው።"

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ዳቦና የተጨሰ የአሳማ ሥጋ አቀረበችለት። ኤካርት ግን የመጣበትን ሳይናገር እህል የሚዋጥለት አልሆነም። ስሙ እንዲህ ብርቅ ከሆነ፣ ባለ ስሞቹም ሁሉ በዚህች መንደር ዙሪያ ካሉ፣ ሁሉም የአንድ አባት ልጆች መሆን አለባቸው፤ ሐሳቡ ይህ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው ነበር። "እኔና እርስዎ ሥጋ ሳንሆን አንቀርም" አላት በመጨረሻ። "መልካችን ራሱ ይመሳሰላል፤ አፍንጫችንን ይዩት።"

አደልሃይት ቢላዋዋን አስቀመጠች። "አፍንጫዬን ተዉልኝ፣ አቶ ክራይንፖል። እኔ የሮተርስ ልጅ ነኝ፤ ተድሬ ነው የመጣሁት።"

"እንግዲያው ባልዎ..."

"የባሌም አባት ቢሆን ሲወለድ ሆምሰን ነበር። የዚህን ቤት ልጅ አግብቶ ገባና ክራይንፖል ተባለ። የሷም አያት እንደዚያው ከሌላ ቤት የገባ ነው። እዚህ አገር ስም የቤቱ እንጂ የደም አይደለም። ክራይንፖል ማለት በኛ አነጋገር የቁራ ኩሬ ነው፤ ድሮ ቁራ የሚወርድበት ኩሬ ነበር፣ አጠገቡ ቤት ተሠራ፣ ቤቱ በኩሬው ተጠራ፤ ገብቶ ያረሰ ሁሉ ክራይንፖል ነው። ሎሌውም ተሰናብቶ ሲሄድ የክራይንፖሉ ሃይኒ ይሉታል። ከተማ ሲደርስ ይሄው ስሙ ሆኖ ይቀራል።"

"ስለዚህ የኔ አያት..."

"የቤቱ ወራሽ ወንድም ይሆናል፣ ሎሌ ይሆናል፣ የሎሌ ጓደኛ ይሆናል። ማን ያውቃል? ያ ሁሉ ክራይንፖል አንድ ጠብታ ደም አይጋራ ይሆናል።"

ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም። በዚያ አገር እውነትን በማር ለውሶ መስጠት ማሩን ማባከን ነው። ኤካርት ግን ቅስሙ ስብር አለ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ንብረት አለኝ ብሎ ነበር፤ እሱም ለካ የሰው ቤት ታፔላ ኖሯል። ሆድ ባሰው። ካፖርቱን ለመልበስ ተነሣ፤ እጅጌው ግን ጠፋበት።

በዚህ መሐል የጓሮው በር ሳይንኳኳ ተከፈተና ሄሪበርት ሎህ ገባ። ሄሪበርት የአደልሃይት የመጀመሪያ ጎረቤት ነው። በዚያ አገር የመጀመሪያ ጎረቤት ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ስትታመም ሐኪም የሚጠራ፣ ስትሞት ቀባሪ የሚሰበስብ እሱ ነው። ቀብሩም እንደ እድር ያለ ሥርዓት አለው፤ ስድስት ቤቶች አንድ አንድ ወንድ ይሰጡና ሬሳ ይሸከማሉ። ወንድ ያጣ ቤት ሰው ይዋሳል። መዋሱ ነውር አይደለም ይባላል፤ የተዋሰው ግን ነውሩን ያውቀዋል።

"ሽማግሌው ቶኔ አርፏል" አለ ሄሪበርት። "ቀብሩ ሐሙስ ነው። የእናንተን ቦታ እንደ ባለፈው የኔው ልጅ ዮርግ ይይዘዋል።"

"እንደ ባለፈው" አለች አደልሃይት። ከንፈሯን ነከሰች።

"ምን ይደረግ? ቤቱ ወንድ የለው።" ይህን ሲል እጅጌ ሲፈልግ የቆየውን እንግዳ አየ። "ይሄ ማነው?"

አሮጊቷ ኤካርትን አየችው፣ ዳቦውን አየችው፣ እንደገና ኤካርትን አየችው።

"ክራይንፖል ነው" አለች።

"ክራይንፖል?"

"ስሙን ጠይቀው።"

ሄሪበርት ግን አልጠየቀም። ሄዶ ኤካርት ጎን ቆመና ትከሻውን ከትከሻው ለካ። "ከኔ ጋር እኩል ነው፤ ሣጥኑ አያጋድልም። ጥቁር ልብስ አለው?"

"የቤርንድ አለ።"

"ቆይ እንጂ" አለ ኤካርት። "እኔ ሟቹን አላውቃቸውም።"

"እሱም አያውቅህም፤ አይቀየምህም" አለው ሄሪበርት፣ በገባበት በር ተመልሶ እየሄደ።

ሐሙስ ቀን ኤካርት የሟች ቤርንድን ጥቁር ካፖርትና ረጅም ባርኔጣ አድርጎ ግቢው ውስጥ ቆመ። ባርኔጣው እስከ ጆሮው ይወርዳል፤ አደልሃይት ውስጡን በጋዜጣ ጠቀጠቀችለት። ሄሪበርት ተሸካሚዎቹን በየቤታቸው ስም ጠራ። ክራይንፖል ሲል ኤካርት ዞር ብሎ ሌላ ሰው ጠበቀ። ሌላ አልነበረም። "አቤት" አለና ቦታውን ያዘ። ቶኔ በቁሙ ለአሳማ ሥጋ የማይራራ ሰው ስለነበር ከባድ ነበር፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ኤካርት ወገቡ እየተቀነጠሰ በሆዱ ደስ ብሎታል። ሬሳ ተሸክሞ ደስ ማለቱ አሳፈረው እንጂ፣ ደስታውስ ደስታ ነበር።

ከቀብር መልስ የቅቤ ኬክና አረቄ ቀረበ። አደልሃይት ብርጭቆ ሰጥታው "ጠጣ" አለችው። "ሬሳ የተሸከመ ሰው አንቱ አይባልም።"

"ሰው ሲሞት እንደውልልሃለን" አለ ሄሪበርት።

"የምኖረው ላይፕዚግ እኮ ነው። የግማሽ ቀን መንገድ ነው።"

"እንግዲያ በጠዋት ተነሣ።"

አልቀለደም። ደወሉለት፣ መጣ። ሰው ባልሞተም ጊዜ መምጣት ጀመረ፤ በመከር ድንች ያወጣል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳ ይጠርጋል። ከአደልሃይት ጋር በቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጣላሉ፤ እሷ አይሰማኝም ትላለች፣ እሱ ጎረቤቱን አደነቆርሽው ይላታል። የደሙን ነገር ግን ዳግመኛ አላነሣም። አንዴ የሰማው ይበቃዋል። ዘመዴ አላላትም፣ እሷም አላለችውም።

ዓመታት አለፉ። አንድ የካቲት ስልኩ ጮኸ፤ ሄሪበርት ነበር። "አደልሃይት ናት" አለ። ኤካርት የነካውን ቡና ትቶ ባቡር ያዘ።

በቀብሩ ቀን የቤርንድን ካፖርት ለብሶ ወደ ግቢው ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ተሰልፈዋል። ሄሪበርት የቤቶቹን ስም ጠራ፤ ክራይንፖልን ዘለለው። በኤካርት ቦታ የሣጥኑን እጀታ ይዞ የቆመው ዮርግ ነው።

"ያ የኔ ቦታ ነው" አለው ኤካርት።

ዮርግ መሬት መሬት አየ። የኤካርት ደም ፈላ። ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። የቤቱ ባለቤት ስትሞት መጤውን ማሰናበታቸው ነው። ከነጭራሹስ የማን ነበረ? ሄዶ እጀታውን ያዘና ጎተተ፤ ሣጥኑ ነቅነቅ አለ።

"ኤካርት፣ ልቀቅ" አለው ሄሪበርት ክንዱን ይዞ።

"ለምን? ቤቱ ወንድ አለው። ሰው መዋስ አያስፈልገውም፤ እኔ አለሁ።"

"አለህ እንጂ። መዋሳችንም ስላለህ ነው። ሬሳ የሚሸከም ጎረቤት ነው። ዘመድ አይሸከምም፤ ከኋላ ይከተላል።"

ኤካርት ዞሮ አየ። ካህኑ ቆሟል። ከርቀት መንደርተኛው ተሰልፏል። ከሣጥኑ ኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ማንም አልገባበትም፣ ትተውለት እየጠበቁ ነው። እጀታውን ለቀቀ። ባርኔጣውን አውልቆ ሄደና እዚያ ቆመ።

ሄሪበርት "ተነሡ" አለ። ኤካርት እያለቀሰ ተከተላቸው።