የጤናዬ ተራ

አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው፣ «ቂም የያዘ፣ የተጣላ ካለ አሁን ይናገር፤ ጽዋ በቂም አይጠጣም» ሲሉ ጤናዬ ከበሩ አጠገብ ከተቀመጠችበት መደብ ብድግ አለች። ግድግዳውን ያዘች።

ይህ ጥያቄ የማርያም ማኅበር በተሰበሰበ ቁጥር፣ በየወሩ በሃያ አንድ ይጠየቃል። መልስ የሰጠ ግን ኖሮ አያውቅም። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ፤ አባም ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጸሎቱ ይገባሉ። የዛሬዋ ባለተራ እትዬ ማንጠግቦሽ ጽዋው የተሸፈነበትን ጨርቅ ከወዲሁ ገልጠውት ነበር።

«ጤናዬ፣ ጓሮ መውጣት ፈልገሽ ነው?» አሏት።

ሴቶቹ ሳቁ።

«አይደለም እትዬ። ቂም አለብኝ።»

ሳቁ ቆመ።

ጤናዬ ሸክላ ሠሪ ናት። ከዳባት በኩል ተድራ ደባርቅ ከገባች ጀምሮ ከእሷ ያልገዛ ቤት የለም፤ በድስቷ ወጥ ይሠራል፣ በጋኗ ጠላ ይጠመቃል። አሮጌው ጽዋ የተሰበረ ጊዜም አዲሱን በእጇ ሠርታ የሰጠች እሷ ናት። የማኅበሩ ተራ ግን ቤቷን ረግጦ አያውቅም። ሊደርሳት ሲል አንዷ፣ ጤናዬ ሥራ ይበዛባታል፣ ትለፍ ትላለች፤ ሌሎቹም እውነት ነው፣ ትረፍ ይላሉ። እሷም ዱቄቷን ታዋጣለች፣ በሰው ቤት ዕቃ ታጥባ ትመለሳለች።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። ድሮ የጎረቤቷ የስንቄ ልጅ ጤናዬ ቤት ገብታ ቆሎ ቆርጥማ ነበር። ማታውኑ ትኩሳት ጣላት። ስንቄ በማግስቱ ቦኖ ላይ ውኃ ሊቀዳ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ፣ ቡዳ ናት፣ ልጄን በላችብኝ አለች። የሸክላ ሠሪ ዘር አይደለች፣ ለማመን ማንም አልተቸገረም። ልጅቷ ድና፣ አድጋ፣ መካነ ብርሃን ተድራ ሄደች። ወሬው ደባርቅ ቀረ። ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው፣ ሰው ሁሉ ስልክ ሲይዝ፣ ይኸ ወሬ ግን አላረጀም።

ጤናዬ ዝም አለች። ዝምታዋንም እንደ ጽድቅ ቆጠረችው። ባለፈው ሳምንት ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደ ሩፋኤል ስትናዘዝ፣ ሁሉን ለእግዚአብሔር ብዬ ችያለሁ ብላ ኮራ ሳትል አልቀረችም። እሳቸው አላመሰገኗትም። ስንቄን መንገድ ላይ ስታገኛት ልቧ ምን እንደሚል ብቻ ጠየቋት።

መልሱ የመጣላት ቤቷ ገብታ ጭቃ ስታሽ ነው። የስንቄ ላም አምና ሞታ ነበር። ጤናዬም ሄዳ አጽናንታታለች። ያን ዕለት በሆዷ ያለፈውን ነገር እጇ ጭቃው ውስጥ እንዳለ አስታወሰችው፤ ደነገጠችም። ትዕግሥት ስትለው የኖረችው ፍርሃት ነበር፤ ከፍርሃቱም ሥር ሌላ ነገር ተኝቶ ነበር።

አሁን ያን ነገር ልታወጣው ነው።

«ስንቄ፣ ቂሜ ባንቺ ላይ ነው» አለች ከማዶ ወደተቀመጠችው ጎረቤቷ ዞራ። «ላምሽ የሞተች ዕለት መጥቼ እግዜር ይተካልሽ አልሁሽ። በሆዴ ግን እሰይ ብያለሁ።»

አጠገቧ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ወደዚያ ፈቀቅ አለች። ስንቄ በዝግታ ቀና አለች።

«ሰማችሁ?» አለች። «በገዛ አፏ። ለካ ላሜንም እሷ ናት።»

ጤናዬ ቤቱ ሁሉ ሲጨልምባት ተሰማት። ለወሬው በገዛ እጇ ምስክር ሰጠችው። ነገ ገበያ ውስጥ ድስቷን የሚነካ ላይኖር ነው። መቀመጥ ይቻላል፤ በሩም ቅርብ ነው። አልተቀመጠችም። እንዲያውም ግድግዳውን የያዘችበትን እጇን ለቀቀች።

«ላምሽን የገደላት የዋጠችው ፌስታል ነው» አለች። «ሆዷ ሲቀደድ አብረን አይተናል፤ ያንቺው የስኳር ፌስታል ነበር። የእኔ ኃጢአት መደሰቴ ነው፤ እሱን ይቅር በይኝ። አንቺም ልጄን በላችብኝ ያልሽውን እዚሁ፣ ጽዋው ፊት ድገሚው። ካልሆነልሽ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተይው።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ጽዋውን አስቀመጡ።

«ስንቄ ብቻዋን አይደለችም» አሉ ወለሉን እያዩ። «ትለፍ እያልሁ ያሳለፍኋት እኔም ነኝ። ያውም ጠላዬን በእሷው ጋን እየጠመቅሁ።»

ስንቄ ጽዋውን አየችው። ከንፈሯን ለመናገር አላቀቀች፤ መልሳ ገጠመችው። በመጨረሻ ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ።

«ልጄ ስትቃጠልብኝ አደረች» አለች። «የምይዘው አጣሁ። አንቺን ያዝሁ። ከዳነች በኋላ ልለቅሽ አፈርሁ።»

ተነሥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ጤናዬ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። አባ መስቀሉን አሳለሟቸውና ጸሎቱን ጀመሩ። ጽዋው ሲዞር ጤናዬ ጋ ደረሰ። ስትጠጣ ትከሻዋ ቀለላት፤ እነዚያ ሁሉ ዓመታት ምን ተሸክማ እንደኖረች ያወቀችው አሁን ሲወርድ ነው።

የሚቀጥለውን ወር ማን ይቀበል ሲባል ጤናዬ አንዷ ትለፍ እስክትል አልጠበቀችም።

«ተራው የእኔ ነው» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

እልልታው ቤቱን አናወጠው። ጽዋውን አቅፋ ወደ ደጅ ስትወጣ ከሰሜን ተራራ የሚወርደው ብርድ ፊቷን መታው፤ እሷ ግን ሞቋት ነበር። ሴቶቹ እያጀቧት ሲሄዱ ስንቄ ከጎኗ ደረሰች።

«በዋዜማው መጥቼ ዳቦውን ልድፋልሽ» አለች። «ኮባውን እኔ አመጣለሁ። ዱቄትም ከቤቴ ልያዝ።»

ጤናዬ አየቻት። የሰው ቤት እህል የሚፈራ ሰው የራሱን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። ስንቄ ይህን አስባው ይሁን ወይም ደግነት ይሁን ፊቷ አይናገርም። ጤናዬም አልመረመረችም።

«ባዶ እጅሽን ነይ» አለቻት። «ምሳሽንም ቤትሽ እንዳትበዪ።»