ቀሪ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት

ሚያዝያ በገባ በሦስተኛው ሳምንት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ፣ እኔ ገና ሳልናገር እኔን መድገም ጀመሩ።

ሥራዬ ይኸው ነው። በአንዲት የጃፓን የገጠር ከተማ እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ልጆቹ ተከትለው ይላሉ። ደብረ ማርቆስም አሥራ አንድ ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ እዚያ ግን መጀመሪያ የሚናገረው መምህሩ ነው። እዚህ «ይህች ድመቴ ናት» ልል አፌን ስከፍት ሃያ ስድስቱም ባንድ ድምፅ «ይህች ድመቴ ናት» አሉና ጸጥ አሉ። ሥርዓት ነውና እኔም ከእነርሱ በኋላ አልኩት።

የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ሃታናካ ከጥግ ቆመው ያዩ ነበር።

«አጠራራቸው ተሻሽሏል» አሉኝ።

«ቀድመውኝ እኮ ነው የሚሉት!»

«አዎ፤ ትጉህ ልጆች ናቸው።»

በግንቦት ርቀቱ አደገ። ሰኞ የሚሉትን እኔ ማክሰኞ እለዋለሁ። አንድ ቀን «ጃንጥላዬ ተሰበረ» አሉ። በማግስቱ ድልድዩ ላይ ነፋስ ጃንጥላዬን ገነጠለው፤ ለዓሣ ሻጩ በእንግሊዝኛ ስነግረው ቀድሞ የተጠና ነገር ስለሆነ አልተደናቀፍኩም። በአገሬ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እዚህ ከአፍ ሳይወጣም አፋፍ ይደርሳል። ለአንድ መምህር ይህ ቀላል ምቾት አይደለም።

ሰኔ ሁለት ቀን፣ ዝናቡ በጀመረ ሳምንት፣ ልጆቹ «ልጅቷን አላየኋትም» አሉ።

መምህርት ሃታናካ አጠራሩን አልወደዱትም። «እስቲ አንዴ ደግማችሁ» አሏቸው። ደገሙት። በሁለተኛው ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የመናገር ሐሳብ አልነበረኝም። በትምህርት ቤታችንና በመንገዱ መካከል ለሩዝ ማሳው ውሃ የሚያደርስ ቦይ አለ፤ በዝናብ ጊዜ እስከ አፉ ይሞላል። ቦዩን በመስኮት አየሁት። ጠመኔውን እንደያዝኩ ከክፍሉ ወጣሁ።

ጉዳዩን ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ለአቶ ኩሮኢዋ አመለከትኩ።

«ዓረፍተ ነገሩ መጽሐፉ ውስጥ አለ?» አሉኝ።

«እሱስ አለ፤ ምዕራፍ አምስት።»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ልጅቷ ናታ! ማን ናት? ምን አግኝቷት ነው እኔ እንዲህ የምለው?»

«ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ» አሉ።

በመምህራን ክፍል የሁሉም ሰው ሥራ በጃፓንኛ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። እኔ ከእርሱ ላይ ማንበብ የምችለው የራሴን ስም ብቻ ነው። ቀሪውን መምህርት ሃታናካ አነበቡልኝ፦ «መምህር ቢራራ፤ ቀሪ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት።»

«ለምን ሁለት?»

«አንዴ ደግማችሁ ብያቸው የለ?»

ብልሃት አላጣሁም። በማግስቱ፣ ልጅ ሁሉ በየወንበሩ ተቀምጦ ሳለ፣ ፊታቸው ቆሜ ያለ ምንም ምክንያት «ልጅቷን አላየኋትም» አልኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ የእነርሱ ድርሻ አልቋል። ወዲያው ሁለተኛውን ጨመርኩ። መምህርት ሃታናካ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንደኛው ተቆጥሯል። ሁለተኛው ግን እንዲህ አልነበረም፤ ድምፅዎ አይንቀጠቀጥም።»

ለማንቀጥቀጥ ሞከርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሪኩ የሚባለው ቀልደኛ «ሴንሴ፣ ፍየል ነዎት?» አለኝ፤ ሴንሴ እዚህ መምህር ማለት ነው። አቶ ኩሮኢዋ ሰሌዳቸው ላይ «ሁለት» የሚለውን አጥፍተው «አንድ» ጻፉ።

የቀረኝ ማየት ነበር። ያየኋትን ልጅ አላየኋትም ልል አልችልም ብዬ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ቢጫ ባንዲራ ይዤ የቦዩ መሻገሪያ ላይ ቆምኩ። ልጅ ባለፈ ቁጥር ስሙን ጠርቼ «አይቼሃለሁ»፣ «አይቼሻለሁ» እላለሁ። በጣም ወደዱት። ናኦ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ ተመልሳ ትመጣና «ሴንሴ፣ ይህ ለትናንት ነው፤ አሁን የዛሬውን እየኝ!» ትለኛለች። የትምህርት ቤቱ ልጆች በጠቅላላ ስድሳ አንድ ናቸው። ስድሳ አንድ ሲሞሉ ባንዲራዬን ጠቅልዬ እገባለሁ። በሩ ላይ ልጆቹ የውጭ ጫማቸውን አውልቀው የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ስላለ እሱንም እቆጥራለሁ። ጫማው እዚህ ካለ ልጁ ውስጥ ነው፤ ጫማ ደግሞ እንደ ልጅ እየሮጠ ቆጠራ አያበላሽም። ስድሳ አንድ ጥንድ። ያኔ ትንሽ እተነፍሳለሁ።

ሰኔ ሃያ አንድ ዝናቡ በረታ። ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ስድሳ አንደኛዋን ናኦን አየኋት። ባንዲራዬን ጠቀለልኩ፤ ጫማ ቆጠርኩ፤ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ከስሜ በታች አዲስ መስመር ተጽፏል። ስሜ ስላልነበረበት እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንዲት ውሃ ያበሰበሳት ሴት ወደ መምህራን ክፍል ገባች። በእጇ አዲስ ቢጫ ቆብ ይዛለች። መምህርት ሃታናካ የምትለውን ይተረጉሙልኝ ጀመር።

«ከሌላ ከተማ ገና ትናንት መግባታቸው ነው። ልጇ ሺዮሪ ትባላለች፤ አንደኛ ክፍል። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ከመሻገሪያው ላይ ልጆችን አንድ በአንድ የሚያይ መምህር አለ፣ እሱ ያይሽና ያስገባሻል ብላ ልካታለች። ቆቡን ከቦዩ ዳር ነው ያገኘችው።»

ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው አነሱና ከስሜ በታች ያለውን መስመር አነበቡ፦ «አዲስ ተማሪ፤ ስድሳ ሁለተኛ።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ከፎቅ ይሰማ የነበረው የልጆች መዝሙር ቆመ።

ሌላ ነገር ለማለት ሞከርኩ። አማርኛም ፈለግሁ። የመጣልኝ ግን የተጠናው ብቻ ነበር።

«ልጅቷን አላየኋትም» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ አስመስዬ አልነበረም።

አቶ ኩሮኢዋ ተነሥተው ከስሜ ፊት ያለውን «አንድ» ጠረጉ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ቦዩ ሮጥን። ቀኑን ሙሉ ፈለግናት። ቦዩ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ዘግይቼ ደረስኩ። ከልማዴ የተነሣ ጫማ ቆጠርኩ። ስድሳ ሁለት ጥንድ ነው። የመጨረሻው ጥንድ ትንሽ ነው፤ በሥርዓቱ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጧል፤ ውሃ ያንጠባጥባል።

ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሃያ ስድስቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ቀድመውኝ የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ ወንበር በሌለበት ቦታ ወለሉ ርሷል። ከዚያ በቀር የማየው ነገር አልነበረም።

«ሺዮሪ» አልኩ። «አይቼሻለሁ።»

ከሃያ ስድስቱ አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። ከመስኮቱ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ፣ እንደ ደንቡ ከእኔ በኋላ፣ ቀስ ብሎ «አይቼሃለሁ» አለኝ፤ ርጥበቱም ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበ።